ቅዱስ ቪክቶሪያን ዘፓርክዴል

ኧረ እኔ አላሳለምኳቸውም! ስንት ጊዜ ነው የምናገረው? ዳንፎርዝ ላይ በሐበሻ ካፌዎቹ ማኪያቷችሁን ይዛችሁ «እማማን መጠጥ ቤት ያሳለማቸው ይሄ ነው» እያላችሁ በአገጫችሁ የምትጠቁሙኝ ሁሉ፣ አንዳችሁም እዚያ አልነበራችሁም። እኔ ነበርኩ። «ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፣ «ቪክቶሪያን» ብዬ መለስኩ። አለቀ። ይሄ ውሸት ነው? ቤቱ ቪክቶሪያን አይደለም? የከተማው አስተዳደር ሰውዬ ራሱ ነው የነገረኝ። እውነት ተናግሮ እንዲህ የተሰደበ ሰው አይቼ አላውቅም።

ደግሞ «ቀልደኛ ስለሆነ ነው፣ ሆን ብሎ ነው» የምትሉም አላችሁ። ቀልደኛ መሆኔን አልክድም። ከዌስተን እስከ ኢስት ዮርክ ከተማው ሁሉ ቢፈለግ እንደ እኔ ያለ ቀልደኛ አይገኝም። ግን እኔ ልቀልድ ብዬ ብነሳ ከዚህ የተሻለ ነበር የምቀልደው። ይሄ በራሱ ጊዜ የመጣ ቀልድ ነው፤ እኔ ሹፌሩ ነበርኩ።

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ እናንተ ወሬውን ከመሃል ነው የጀመራችሁት።

እትዬ የምላት ሴትዮ አለች። በሥጋ አንዛመድም፤ ግን እዚህ አገር ስመጣ ቤዝመንቷ ውስጥ ያስተኛችኝ፣ ያበላችኝ፣ የክረምት ጃኬት የገዛችልኝ እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ኪችን ስትሠራ ነው የኖረችው። የግሪኩን ኪችን፣ የጣሊያኑን ኪችን፣ የራሳችንን የሐበሻውንም አገልግላ አገልግላ፣ አንድ ቀን «በቃ፣ የራሴን ምግብ ቤት እከፍታለሁ» አለች። ዳንፎርዝ ላይ ቦታ ጠፋ። ፓርክዴል ሰፈር ጥግ ላይ ግን የተዘጋ አሮጌ መጠጥ ቤት ተገኘና ሊዙን ፈረመች። ሪኖቬሽኑን፣ እድሳቱን ማለቴ ነው፣ ለማን ሰጠች? ለእኔ። ለምን? ጎበዝ ስለሆንኩ። ሌሎቹ ኮንትራክተሮች ስልኳን ስላላነሱ ነው የሚሉ አሉ፤ ቅናት ነው።

ቤቱን ካላያችሁት ነገሩ አይገባችሁም። እነዚያ የድሮ እንግሊዞች ባዶ ግድግዳ ካዩ እንቅልፍ የሚነሳቸው ነው የሚመስለው። ሕንፃው ቀይ ሸክላ ጡብ ነው፤ በመሃሉ ደግሞ ልክ እንደ ቀሚስ ጥለት ቢጫ ጡብ እያዞሩ አስገብተውበታል። መስኮቱ ሁሉ ከላይ ቅስት ነው፣ ቅስቱ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወርቅማ መስታወት። ጥጉ ላይ፣ ሁለቱ መንገድ በሚገናኝበት፣ ክብ ማማ ወጥቷል። የማማው ጣሪያ ሹል ነው፣ ጫፉ ላይ የብረት ጌጥ ተተክሎበታል። አበባ ነው ይላሉ። ከቅርብ ስታዩት አበባ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ግን… እሱን ቆዩኝ።

መጠጥ ቤት ለምን ማማ አስፈለገው ብዬ ጠይቄ ነበር። ሰካራም ማማ ላይ ወጥቶ ምን ያያል?

በሩ ሁለት ነው። አንዱ ከማማው ሥር ነው፣ ትልቅ፣ ባለ ሁለት ተከፋች። ሌላው በጎን በኩል ነው፤ ጠበብ ያለ፣ ጨዋ በር፣ የድንጋይ ደረጃው በስንት ሰው እግር እንደ ሳህን የጎደጎደ። ውስጡን ደግሞ በጥቁር እንጨት ሦስት ቦታ ከፍለውታል። እንጨቱ ላይ ጉም የመሰለ መስታወት አለ፤ ከመንገድ የሚያልፈው የሚጠጣውን እንዳያይ፣ የሚጠጣውም ሚስቱ ስታልፍ እንዳያያት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ስላችሁ የሰፈራችንን ቆርቆሮ እንዳታስቡ፤ ይሄኛው አበባ አበባ ሆኖ የተቀጠቀጠ ነው፣ ዝናብ አይቶ የማያውቅ የሀብታም ቆርቆሮ። ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ የተቀረጸ እንጨት ቆሟል። ዓምድ አለው፣ ቅስት አለው፣ በየቅስቱ መሃል መስታወት፣ ከላይ አክሊል የመሰለ ነገር። ይሄ ሁሉ ውስኪ መደርደሪያ ነው እንግዲህ! ውስኪው ሊያገባ ነው እንዴ?

የተዋሕዶ ልጅ የሆነ አንባቢ አሁን ነገሩ ሳይሸተው አልቀረም። ሁለት በር፣ ሦስት ክፍል፣ ባለቀለም መስታወት፣ ጫፍ ላይ ብረት። እኔን ግን አልሸተተኝም፤ የምሠራው ሰው ነኝ፣ አቧራ አፍንጫዬን ዘግቶታል።

መጀመሪያ ቀን የከተማው አስተዳደር ሰው ላከብን። ሰውዬው ግድግዳውን እንደ ድመት እየደባበሰ «ይሄ ሄሪቴጅ ነው፣ ቪክቶሪያን ነው» አለኝ። ቪክቶሪያን የባለቤቱ ስም መስሎኝ «እንግዲያውስ ስልኩን ስጠኛ፣ የጣሪያውን ነገር ከእሱ ጋር ልነጋገር» አልኩት። ሳቀ። ሞቷል ማለት ነው ብዬ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ቪክቶሪያን የድሮ እንግሊዞች የአሠራር ዓይነት መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። ሄሪቴጅ፣ ቅርስ የሚሉት፣ ደግሞ እንደ ጥርስ አንዲት ሚስማር በሐኪም ትእዛዝ የምትነቀልበት ቤት ማለት ነው። በሩን አትንካ፣ መስታወቱን አትንካ፣ እንጨቱን አትንካ።

«ታዲያ ምን ልንካ?» አልኩት።

«ቀለሙን» አለኝ። ከውጭ በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ የተለቀለቀውን አረንጓዴ ቀለም ቀስ ብለህ ልጠው፣ የድሮው ይውጣ አለ።

አሁን ወደ እማማ እንምጣ። እማማ የእትዬ እናት ናቸው፤ ዌስተን አፓርትመንት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው በሰው ኪችን ስትቃጠል ማየት ዘላለም የሚያብከነክናቸው ሴት ናቸው። ስለ ምግብ ቤቱ ግን ምንም አያውቁም፤ እትዬ ሰርፕራይዝ ላድርጋት ብላ ደብቃቸዋለች። ሰርፕራይዝ ለሐበሻ እናት አይሆንም ብዬ ነበር፣ ማን ሰማኝ?

«እማዬን በቫንህ ይዘህልኝ ና» አለችኝ። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!»

አልተነፈስኩም። ጥፋቴ ይሄ ነው እንግዲህ፣ ታዛዥነት።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩላቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

«የት ነው የምትወስደኝ?»

«ጥሩ ቦታ ነው፣ እማማ።»

«ጥሩ ቦታ ሲባል?»

«ሲደርሱ ያዩታል።»

ፊታቸው በራ። በአነዳዴ ተደስተው መስሎኝ እኔም ጥሩ አድርጌ ነዳሁ። ቫኑን ከስትሪትካሩ ሐዲድ ማዶ አቆምኩ። እማማ በመስኮቱ ቀና ብለው ማማውን አዩ። ጫፉ ላይ ያለውን ብረት አዩ። ባለቀለሙን መስታወት አዩ። አማተቡ። እዚያ መንገድ ላይ መኪናው እንደ እብድ ስለሚነዳ፣ ሊሻገሩ ነው ያማተቡት ብዬ እኔም አማተብኩ።

«ማን ነው?» አሉኝ በዓይናቸው ወደ ቤቱ እያመለከቱ።

ፍረዱ እንግዲህ። አሁን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ «ማን ነው ማለት ታቦቱ የማን ነው ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል» ትሉኛላችሁ። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ፓርኪንግ እየፈለግኩ፣ ሰርፕራይዝ እየጠበቅኩ፣ ስለዚያ ቤት የማውቃት ስም አንዲት ብቻ ሆና፣ ምን ልበል?

«ቪክቶሪያን» አልኳቸው።

«ቪክቶሪያን…» ትንሽ አሰቡ። «የፈረንጅ ናቸው?»

«አዎ፣ የፈረንጅ ነው። የእንግሊዝ።»

«ጥንታዊ ናቸው?»

«በጣም እንጂ! ከተማው ራሱ እንዳትነኩ ብሎናል።»

«እሰይ፣ እንዲህ ነው ማክበር» አሉ። ቀጥለው «የፈረንጅም ቢሆኑ ጻድቅ ጻድቅ ነው» ብለዋል፤ እኔ ግን ይቺን አልሰማኋትም፣ ስትሪትካር እያለፈ ነበር። ራሳቸው ናቸው ኋላ የነገሩኝ።

ተሻገርን። ትልቁ በር ጋ ሠራተኞች እንጨት ያወርዳሉ።

«ያ የወንዶቹ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ወንዶቹ በዚያ ነው የሚገቡት» አልኩ። ይሄም ውሸት አይደለም! ወንዶች ናቸው፣ በዚያ ነው የሚገቡት።

እማማ ወደ ጎኑ በር ዞሩ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው አስያዙኝ። የጠረግኩትን ወለል ላለማቆሸሽ መስሎኝ «እንዴት ያሉ ሴት ናቸው፣ ልጃቸው እንዲህ ብትሆን ምን ነበረበት» አልኩ በልቤ። ከዚያ የበሩን መቃን በቀኝ ሳሙ፣ በግራ ሳሙ፣ ግንባራቸውን አስነኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ገረመኝ። ግን እናት ናቸው፤ ሰርፕራይዙን አንድ ወሬኛ ነግሯቸው የልጃቸውን ቤት እየባረኩ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ወሬኛ ሞልቷል፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ውስጥ ገባን። ያ የተቀረጸው እንጨት አቧራ እንዳይጠጣ ብዬ ከላይ እስከ ታች ትልቅ ጨርቅ ጋርጄበታለሁ። እማማ መጋረጃውን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው እንባ ይዟል። እኔ ጫማ ታቅፌ ከኋላ ቆሜያለሁ።

በዚህ መሃል ታክሲ የሚነዳ አንድ ጓደኛዬ አለ። በእረፍቱ ቀን ሊያግዘኝ መጥቶ፣ ከጨርቁ ጀርባ የድሮውን የቢራ ቧንቧ እየፈታ ነበር። ከአቧራው ለመዳን ጭንቅላቱ ላይ ነጭ ከነቴራ ጠምጥሟል። እማማ እዚያ ቆመው ሳለ መጋረጃውን ገልጦ ብቅ አለ፤ ጭንቅላቱ ላይ ነጭ ጥምጥም፣ እጁ ላይ የሚያብለጨልጭ የናስ ቧንቧ እጀታ፣ ባለ አራት ጫፍ።

እማማ ጎንበስ አሉለት።

«ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

ጓደኛዬ እጀታውን አየ፣ እማማን አየ።

«ፈትቼዋለሁ እኮ፣ እማማ» አላቸው። «ብሎኑ ዝጎ ነው እንጂ ያስቸገረኝ።»

በዚያችው ደቂቃ እትዬ አበባ ይዛ በትልቁ በር ዘው አለች።

«ሰርፕራይዝ!»

«ዝም በይ!» አሏት እማማ በሹክሹክታ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይጮህም።»

«የምን ቤተ ክርስቲያን? እማዬ፣ መጠጥ ቤት እኮ ነው!»

ከዚያ ጓደኛዬ ሳቀ። ሳቅ አይባልም፣ ባንኮኒው ላይ ወደቀ። ሠራተኞቹም ነገሩ ሳይገባቸው ሳቁ። እማማ ቀስ ብለው ዞረው ጫማቸውን ከእጄ ተቀበሉ፣ አደረጉ፣ ወጥተው ቫኑ ውስጥ ተቀመጡ። እትዬ አበባዋን እንደያዘች ቀረች። «የኔ ነው፣ እማዬ፣ የኔ ምግብ ቤት ነው» ብላ በመስኮቱ ነገረቻቸው። «ይሁን» አሉ። እስከ ዌስተን ድረስ እኔ ብቻ ነው ያወራሁት፣ እሱም ስለ ትራፊክ።

የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ምክንያቱም እናንተው ናችሁ ያወራችሁት። ጓደኛዬ ታክሲው ላይ ተሳፋሪ ብቻ አይደለም የሚጭነው። በማግስቱ ቅዳሴ ሲወጣ ሴቶቹ እማማን ከብበው «የቅዱስ ቪክቶሪያን ንግሥ መቼ ነው?» ይሏቸው ጀመር። አንዷማ «ጠበሉ ቢራ ነው አሉ» አለች። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ መውጣት ቀረ። ስልክ አያነሱም። እትዬ ኮል ታደርጋለች፣ እኔ ኮል አደርጋለሁ፣ ይጠራል ብቻ።

የውስጡ ሥራ አልቆ ነበር። ምድጃው ገብቷል፣ ወንበሩ መጥቷል፣ ሰው ተጠርቷል። እትዬ ግን አንድ ነገር ላይ ተተክላ ቀረች።

«እማዬ ቀድማ ካልገባች በሩን አልከፍትም» አለችኝ።

«ሊዝ ፈርመሽ?»

«ልቀደው እችላለሁ። የለፋሁት ማን እንዲያየው ነው? እናቴ በልጇ ቤት ተዋርዳ እኔ ልሸጥ ልለውጥ?»

እትዬ ስትል ስታደርግ ነው። ከእሷ አፍ የወጣ ነገር ከተማውም ሄሪቴጅ ብሎ ቢመዘግበው ያምርበታል፤ አይነካም፣ አይለወጥም።

በዚህ ላይ ደግሞ በሩ ራሱ መናገር ጀመረ። ከጎኑ በር በላይ ያለውን አረንጓዴ ቀለም ስልጥ ፊደል ብቅ አለ። መጀመሪያ «ሌዲስ» የሚል ወጣ። ደስ አለኝ፤ የሴቶች በር ነበረ ማለት ነው፣ እማማም አልተሳሳቱም። ሮጬ እትዬን ጠራኋት፣ ጓደኛዬም ሊያይ መጣ። እነሱ እያዩ ቀሪውን ላጥኩት። «ኤንድ ኤስኮርትስ» ይላል።

ኤስኮርት! የዛሬዋ ኤስኮርት በሰዓት ተከራይታ ምን እንደምትሠራ ለእናንተ አልነግራችሁም፣ በስልካችሁ የምታዩትን እናንተ ታውቃላችሁ። ጓደኛዬ አንብቦ ሲጨርስ አፉን በእጁ ያዘ።

«ብሮ… እማማ የሳሙት…»

«አፍህን ዝጋ!»

«የእነዚያ ሴቶች በር ነው እኮ! መጠጥ ቤት ብቻ መስሎኝ!»

እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «ቀለም ቀባበት» አለች። «አሁኑኑ ቀባበት።»

ብሩሹን አነሳሁ። ከመቀባቴ በፊት ግን የከተማውን ሰውዬ ፈርቼ ፎቶ ላኩለት። ወዲያው ደወለ፤ ድምፁ የሎተሪ ዕጣ የደረሰው ሰው ይመስላል። «እንዳትነካው! በጣም ውድ ነገር ነው ያገኘኸው!» ውድ አለው! ለእሱ ምን አለበት፣ በሩን የሳመችው የእሱ እናት አይደለችም።

ማዶ ካለው አፓርትመንት በየቀኑ እየወጣ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ ሥራዬን የሚተች አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ። መሰላሌ ጠማማ ነው ይለኛል፣ ቀለሙን በግራ ጀምር ይለኛል። የዚያን ዕለት ግን መንገዱን ተሻግሮ መጣና ጽሑፉን አየ። ኮፍያውን አወለቀ። እሱም ሊሳለም ነው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

«እናቴ በዚህ በር ነበር የምትገባው» አለ። «ጓንቷን አድርጋ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ አባቴ ክንዷን ይዟት።»

«አባትህ ኤስኮርት ነበር?» አልኩት።

ዱላውን አነሳብኝ። ከዚያ አስረዳኝ። ሕንፃው የቪክቶሪያን ነው፣ ጽሑፉ ግን ኋላ የመጣ ነው። ያኔ ሴት ወንዶቹ ወደሚጠጡበት ክፍል አትገባም፣ ክልክል ነው። ሴት ብቻዋን ስትመጣ፣ ወይ ባሏ፣ ወይ ወንድሟ ይዟት ሲመጣ፣ በዚህ በር ትገባለች፣ በራሷ ክፍል ትቀመጣለች። ኤስኮርት ማለት ይዟት የሚመጣው ሰው ነው።

አጃቢ! አጃቢ ማለት ነው እኮ! እናንተ ሁላችሁ በእንግሊዝኛ ስትደነግጡ እኔ በአማርኛ አሰብኩ። ይቺን መዝግቡልኝ።

የዚያኑ ቀን ዌስተን ሄድኩ። አንኳኳሁ።

«ማን ነው?» አሉ እማማ ከውስጥ።

ይቺን ጥያቄ እንደሆነ ፈርቻታለሁ። «እኔ ነኝ፣ እማማ። እኔ ብቻ። ሌላ ማንም አይደለም።»

ከፈቱ። «ደግሞ የት ልታሳልመኝ መጣህ?»

«በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቤ ነው የመጣሁት።»

«ማንበብ መቼ ጀመርክ?»

«ዛሬ። ‹ወይዛዝርትና አጃቢዎቻቸው› ነው የሚለው።»

«ወይዛዝርት መጠጥ ቤት ምን ይሠራሉ?»

«ወንዶቹ ከእኛ ጋር አትገቡም ብለዋቸው ነዋ። በራሳቸው በር ነበር የሚገቡት፣ በክብር፣ ጓንት አድርገው፣ አጃቢ ይዟቸው። እርስዎ የሳሙት የጨዋ ሴት በር ነው።»

የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉት፣ ፈቱት።

«በር መሳሜ አይደለም የቆጨኝ» አሉ። «መሳቃቸውም አይደለም፣ ይሳቁ። እኔ ስለት ተስያለሁ።»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል? ለቪክቶሪያን! ያ መጋረጃ ፊት ቆሜ፣ ‹ልጄን ከሰው ኪችን አውጡልኝ፣ የራሷን ቤት ያሳዩኝ፣ ተመልሼ ደጅዎን እስማለሁ› አልኩ። አልቅሼ ነው የለመንኩት። የልቤን ሁሉ ለሌለ ጻድቅ ተናገርኩ። ያ ልጅ ሲስቅ እኮ ጸሎቴ ላይ ነው የሳቀው።»

እኔ ቃል አጥቼ አላውቅም። በዚያ ሰዓት ግን አጣሁ፤ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፣ እናንተም አታውሩብኝ። ከዚያ በድንገት አንድ ነገር መጣልኝ።

«እማማ፣ ስለቱን ተናግረው ሳይጨርሱ ማን ነው የገባው?»

«ልጄ።»

«ምን ይዛ?»

«አበባ።»

«ለምን?»

«ምግብ ቤት ከፍቻለሁ ልትለኝ…»

«ታዲያ! የለመኑት ቤት ውስጥ ቆመው ነው እኮ የለመኑት! እኔ ስንት ዓመት ቆንጆ ሚስት ስጠኝ እያልኩ ተስዬ ጆሮ የሰጠኝ የለም። እርስዎ አሜን ሳይሉ ነው የደረሰልዎ።»

ሊስቁ ነበር፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ያዙት። «ደግሞ ጻድቅ ነው ልትለኝ ነው?»

«አይደለም። ግን እግዜር አድራሻ አይሳሳትም፣ እማማ። በጂፒኤስ የምሳሳተው እኔ ነኝ።»

«ሂድ አሁን» አሉኝ። በሩን ዘጉ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ።

የመክፈቻው ቀን በረዶው ሟሙቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር። የተጠራው ሰው ውጭ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ አሉ፣ ታክሲ ነጂው ጓደኛዬ አለ፣ ማዶ ያለው ሽማግሌ ባርኔጣ ደፍቶ መጥቷል፣ የከተማው ሰውዬም አለ። እትዬ ቁልፉን ጨብጣ ጎኑ በር ላይ ቆማለች። አትከፍትም። ወጡ ውስጥ እየሞቀ ነው፣ እሷ አትከፍትም። ሰው መሄድ ሲጀምር ስልኬ ጮኸ።

«አንተ» አሉ እማማ። «አጃቢ የለኝም እንዴ?»

እንዴት እንደነዳሁ ፖሊስ እንዳይሰማ አልነግራችሁም። አፓርትመንታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ነጭ በነጭ፣ ቀይና ቢጫ ጥለት፣ ልክ የሕንፃው ጡብ። ስንደርስ ጃንጥላ ዘርግቼ ከጎናቸው ልሰለፍ ስል «አጃቢ ከኋላ ነው» አሉኝ። ከኋላ ሆንኩ። ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ።

ጓደኛዬ አፉ አያርፍም። «እማማ! እንኳን ለንግሡ አደረሰዎ!» አለ። ሴቶቹ በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። እትዬ ፊቷ ጠቆረ። እማማ ግን ቆም ብለው ወደ እሱ ዞሩ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ። ጫማህን አውልቅ።»

«ኧ?»

«ይፍቱኝ ስልህ ፈትቼዋለሁ አላልከኝም? የፈታኸኝ አንተ ነህ። ካህን ደግሞ በጫማ አይገባም። አውልቅ።»

ዞር ዞር ብሎ የሚያድነው ሰው ፈለገ። ማን ያድነዋል? ጎንበስ ብሎ አወለቀ። የግራ ካልሲው ቀዳዳ ነበር፤ አውራ ጣቱ ወጥታ ጭቃው ውስጥ ቆመች። ያኔ ሳቁ ወደ የት እንደዞረ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

እማማ ጫማቸውን አውልቀው አስያዙኝ። በዚያ ጽሑፍ ሥር ቆሙ። «ስለቴ ደርሷል» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ተመልሼ እስማለሁ ብዬ ነበር፣ እየሳምኩ ነው። መጠጥ ቤት መሆኑን አውቃለሁ። የልጄ ቤት መሆኑንም አውቃለሁ።» መቃኑን በቀኝ ሳሙ። በግራ ሳሙ። ቀስ ብለው፣ ማንም አላየሁም እንዳይል። ከዚያ የልጃቸውን ጉንጭ ሳሙና «ክፈቺ እንጂ፣ ብርድ ላይ ታቆሚኛለሽ?» አሏት። እትዬ ቁልፉን ማስገባት አቃታት። እኔ ነኝ የከፈትኩት።

የከተማውን ሰውዬ በዓይኔ ፈለግኩት። አትንኩ እንጂ አትሳሙ አላለም። ያቺ ጠበሉ ቢራ ነው ያለችው ሴትዮ ደግሞ ቀስ ብላ መጥታ በጆሮዬ «በየትኛው በኩል ነው የሚሳመው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች።

ስለዚህ «አሳለማቸው» የምትሉትን ነገር ተዉት። መጀመሪያውን ጊዜ ቪክቶሪያን አልኩ፣ ቪክቶሪያን ነው። ሁለተኛውን ጊዜ አውቀው፣ ፈቅደው፣ አጃቢ አስከትለው ነው የሳሙት፤ አጃቢውም እኔ ነኝ። አላመናችሁም? ሂዱና ጠይቁ! ማዶ ያለውን ሽማግሌ ጠይቁ፣ ባርኔጣውን እንደያዘ ይነግራችኋል። ሴቶቹን ጠይቁ፣ በተለይ አንዷን። ታክሲ ውስጥ ግቡና ስለ ካልሲው ጠይቁት፣ መሃል መንገድ ላይ ካላወረዳችሁ እኔ ውሸታም ልባል። ወይም ፓርክዴል ሂዱ፣ በጎኑ በር ግቡ፣ እማማን ራሳቸውን ጠይቁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱ ሥር ነው የሚቀመጡት። ጫማችሁን አውልቁ ቢሏችሁ ግን እኔን እንዳትወቅሱ፤ ካልሲያችሁን አይታችሁ ሂዱ።